ጂንጀርን አሳርፋት

ኖርክሮስ፣ ኖቬምበር 6 ቀን 1983

ለውድ ባለቤቴ ለአበዛሽ፤

ሰላምታዬ ባሕሩንም በረሃውንም ተሻግሮ ካርቱም ይድረስሽ። እኔ ደክሞኛል እንጂ ደህና ነኝ። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ አሥር ቀን አለፈው። መልሱን ያዘገየሁት ችላ ብዬ እንዳይመስልሽ፤ እስክሪብቶ በያዝኩ ቁጥር እንቅልፍ ይዞኝ ይሄዳል። ይቅርታ አድርጊልኝ።

"ከሁለቱ ሥራ የቱ ይብስብሃል?" ላልሽኝ፣ የሳህኑ ይብሳል። ብሩክሄቨን ሬስቶራንት ውስጥ በሳምንት ሦስት ቀን ሳህን አጥባለሁ፤ ሺፍቴ ሲያልቅ ጣቶቼ የኔ አይመስሉኝም። የፈረሷ ሥራ ግን ቢያደክምም ሥራ ነው። ፈረሰኛ ፖሊስ ሳለሁ የማውቀው ሥራ ነው።

"ፈረሷ የማን ናት? ምንስ ታደርግላቸዋለች?" ብለሻል። የሚስስ ኮልማን ናት። ስድሳ ዓመት የሚሆናቸው፣ ባላቸው የሞቱባቸው ሴትዮ ናቸው፤ ከኖርክሮስ ወጣ ብሎ ሜዳ ያለው ቤት አላቸው። ፈረሷ ዳማ ባዝራ ናት፣ ግንባሯ ላይ ነጭ አለባት፣ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ስሟ ጂንጀር ነው፤ ዝንጅብል ማለት ነው፣ አትሳቂ። አታርስ፣ አትጭን፣ አትሽቀዳደም። ሴትዮዋ ቅዳሜ ቅዳሜ ጫካ ለጫካ ይንሸራሸሩባታል፣ በቃ። እዚህ አገር ሰው ለደስታው ብሎ ፈረስ ይቀልባል። እኔ ጋጣዋን እጠርጋለሁ፣ አበላታለሁ፣ በአዘቦቱ ቀን ደግሞ እንዳትሰንፍ እጋልባታለሁ።

አሁን አንድ ነገር ጨንቆኛል። ሚስስ ኮልማን ባለፈው ሳምንት አጥሩ ላይ ተደግፈው፣ "ይገዙ፣ ከኔ ይልቅ አንተ ታውቃለህ። ጂንጀር ዊንተሩን ትረፍ ወይስ ሥራዋን ትቀጥል?" አሉኝ። እዚህ አንዳንዱ ሰው ከዲሴምበር እስከ ማርች ፈረሱን ያሳርፋል። የኮቴውን ብረት ይነቅሉለታል፣ ኮርቻ አያይም፣ ድርቆሹን እየበላ ሜዳ ላይ ይለቀቃል።

እውነቱን ንገረኝ ካልሽ፣ ያስፈልጋታል። ከፀደይ ጀምሮ አንድ ሳምንት አላረፈችም። ኮርቻውን ስታይ ጆሮዋን ወደ ኋላ ትጥላለች። ከሥራ ስትመለስ የፊት ግራ እግሯን ጅማት ስዳብሰው ይሞቃል። እንዲህ ያለውን ፈረስ እኛ ድሮ ማንም ሳያዘን ሱሉልታ ሜዳ ነበር የምንለቀው።

ግን እሷ ካረፈች እኔም አረፍኩ። ሚስስ ኮልማን፣ "ድርቆሹን ራሴ እሰጣታለሁ፣ አንተም እስከ ማርች ትንሽ ታርፋለህ" አሉኝ፣ ለኔ ደግ የዋሉ መስሏቸው። እኔ ጋ የምትመጪበት የቪዛ ቀጠሮሽ ጃንዋሪ 30 ነው። ባልሽ ሥራ እንዳለው የሚመሰክር፣ በዚያው ወር የተጻፈ የአሠሪ ደብዳቤ ይዘሽ መቅረብ አለብሽ። ሬስቶራንቱ በእጅ ስለሚከፍለኝ ወረቀት አይጽፍልኝም። ያለ ሚስስ ኮልማን ደብዳቤ ብትቀርቢ ወረፋው መጨረሻ ይመልሱሻል። ሁለት ዓመት ተኩል ጠብቀን!

ስለዚህ ጉዳይ ለሴትዮዋ አልነገርኳቸውም። ለአሠሪ ችግርን መዘርዘር ልመና ይመስለኛል። መልሱን እስከ ዲሴምበር አጋማሽ እሰጣለሁ ብያለሁ። አንቺ ምን ትያለሽ? ከቪዛው ቢሮ አዲስ ነገር ካለም ጻፊልኝ።

የአንቺው ይገዙ

*

ካርቱም፣ ኖቬምበር 28 ቀን 1983

ይገዙዬ፤

እንደምን ከርመሃል? እኔን ካልክ፣ ናፍቆትህ ካልሆነ ምንም የጎደለኝ የለም፤ ጤናዬም ደህና፣ ሥራዬም ደህና ነው። ቢሮው ምን አለ ላልከው፣ ምንም አላለም። ፎቶ ላኪልኝ ያልከውን አልረሳሁም። ፎቶ ቤቱ ሩቅ ነው፣ ሲመቸኝ እነሳለሁ።

ዝንጅብልን ባየኋት! ጆሮዋን፣ ጅማቷን፣ ኩርፊያዋን ሳይቀር አንድ በአንድ ጽፈህልኛል። ኧረ ለመሆኑ እኔን እንዲህ አይተኸኝ ታውቃለህ? አንድ ሳምንት ራሴን ሲያመኝ ከርሞ፣ በስምንተኛው ቀን "ምነው ዝም አልሽ?" ያልከኝን አልረሳሁም። ባዝራ ሆኜ በተፈጠርኩ!

ቀልዱን ልተወውና፣ አሳርፋት። አንተው ራስህ ያስፈልጋታል ብለህ ጽፈህ እኔን ምን ትጠይቀኛለህ? ፈረሱም ይኸው ሜዳውም ይኸው። ሴትዮዋን ትረፍ በላቸውና ብረቱን አስነቅልላት።

የጃንዋሪው ነገር አያስጨንቅህ። ደብዳቤ ኖረ አልኖረ፣ የሚሆነው መሆኑ አይቀርም። ለምን እንዲህ አልሽ ብለህ እንዳትመራመር። ዝም ብለህ እሺ በለኝ። አንተም ከሁለቱ ሥራ አንዱ ቢቀርልህ ሦስት ወር እንደ ሰው ትተኛለህ። ባለፈው የላክልኝ ፎቶ ላይ ዓይኖችህ ጎድጉደው አይቼ ከፋኝ።

አሳርፋት፣ ይገዙ። እኔ እዚህ ደህና ነኝ።

አበዛሽ

*

ኖርክሮስ፣ ዲሴምበር 17 ቀን 1983

የኔ ደግ አበዛሽ፤

እንደምን አለሽልኝ? ደብዳቤሽ ረቡዕ ደረሰኝ። መኪናዬ ዳትሰኗ ውስጥ ቁጭ ብዬ ሦስት ጊዜ አነበብኩት፣ አለቀስኩም። ወንድ ልጅ አያለቅስም የሚል ካለ እዚህ መጥቶ ይየኝ።

አሳርፋት አልሽኝ! ሁለት ዓመት ተኩል በሰው አገር ስትጠብቂ ኖረሽ፣ የራስሽን ዕድል ለአንዲት ለማታውቂያት ባዝራ ልትሰጪ! ደብዳቤ ኖረ አልኖረ ትያለሽ፣ እኔ እንዳልጨነቅ። እንዲህ ያለችውን ሴት እንዴት አድርጌ ነው ወረፋ መጨረሻ የምሰዳት? ሌላ ሰው ቢሆን "ሴትዮዋን ዋሽተህ ደብዳቤዬን አምጣ" ይለኝ ነበር። እንደዚያ ብትዪኝ ምናልባት ባሳረፍኳት። አንቺ ግን ደግ ሆንሽብኝ።

ስለዚህ ሐሙስ ዕለት ለሚስስ ኮልማን፣ "ጂንጀር ደህና ናት፤ ብትቆም ሰውነቷ ይተሳሰራል፣ ሥራዋን ትቀጥል" አልኳቸው። ነገሩ ግማሹ እውነት ነው፤ ያረጀ ፈረስ ጨርሶ ከቆመ መገጣጠሚያው ይደርቃል፤ ቀስ ብሎ ቢሠራ ይሻለዋል። ጂንጀር ግን አላረጀችም፣ ደክሟት ነው። እኔ ደግሞ የሁለቱን ልዩነት አውቃለሁ። እሳቸው፣ "እንግዲህ አንተ ካልክ" ብለው ፈገግ አሉ። ይቺ "አንተ ካልክ" የምትባለው ቃል ናት እስካሁን የምትቆጠቁጠኝ።

አይዞሽ፣ አላስጨንቃትም። በአዘቦት ቀን በእርምጃ ብቻ አንሸራሽራታለሁ፣ ሶምሶማ የለም። ስንመለስ እግሯን በቀዝቃዛ ውሃ አጥቤ በፋሻ እጠቀልላታለሁ። እስከ ጃንዋሪ መጀመሪያ ብቻ ነው። ደብዳቤውን በእጄ ካደረግኩ በኋላ "ተሳስቻለሁ፣ ትረፍ" እላቸዋለሁ። ዛሬ ጠዋት ኮርቻ ልጭን ስቀርብ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረችብኝ፤ እኔም እንዳላየ ሆንኩ።

ፎቶውን አደራ። ናፍቀሽኛል።

ይገዙ

*

ኖርክሮስ፣ ጃንዋሪ 3 ቀን 1984

ለአበዛሽ፤

እንኳን ለገና በዓል አደረሰሽ፤ ደብዳቤው ሲደርስሽ በዓሉ ቢያልፍም ምኞቱ አያልፍም። ደብዳቤው ይኸውልሽ፣ አብሮ ታሽጓል። ሚስስ ኮልማን ትላንት በታይፕ ጽፈው ፈርመውልኛል። ጥያቄ አላበዙም። የሥራ ማስረጃ ያስፈልገኛል ስላቸው እሺ አሉኝ። ደህና ቦታ አስቀምጪው፣ እንዳይታጠፍብሽ።

እዚህ የገና ሰሞን ያልታየ ብርድ ነበር። የሰፈሩ ቧንቧ ሁሉ ፈነዳ። የኔም ቤት ሁለት ቀን ውሃ አልነበረውም።

ጂንጀር ትንሽ አነከሰች። ትንሽ ናት፣ አታስቢ፤ ሐኪም መጥቶ አይቷታል። ስለሷ ሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ። አሁን ሐሳብሽን በሙሉ ለጃንዋሪ 30 አድርጊው። ሲጠይቁሽ ቀና ብለሽ ዓይን ዓይናቸውን እያየሽ መልሺ፣ እንደኛ ልማድ መሬት መሬት ካየሽ የዋሸሽ ይመስላቸዋል።

ሌላው ሁሉ ደህና ነው።

ይገዙ

*

ካርቱም፣ ጃንዋሪ 8 ቀን 1984

ይገዙ፣ አቁም።

የዲሴምበሩ ደብዳቤህ አሁን ደረሰኝ። ይህ ሲደርስህ ኮርቻ ላይ ካለህ ውረድ። ያቺን ባዝራ ዛሬውኑ አሳርፋት።

የጃንዋሪ 30 ቀጠሮ የለም። ኦክቶበር 19 ቀን ጠርተውኝ ለጁን 5 መተላለፉን ነግረውኛል። አንተ "ላሳርፋት ወይ?" ብለህ ስትጽፍልኝ ካወቅኩት ሦስት ሳምንት ሊሞላኝ ነበር። ቢሮው ምንም አላለም ያልኩህ ውሸቴን ነው።

ለምን ደበቅሽኝ ትል ይሆናል። ባለፈው ሜይ ቀጠሮው ሲተላለፍ ሁለት ወር አልጻፍክልኝም። ሥራ ትተህ፣ በር ዘግተህ ተኝተህ እንደነበር የሰማሁት ከዚያ ከመጣ ሰው ነው። ደግሜ አላስተኛውም አልኩ። ቀኑ ሲቃረብ እነግረዋለሁ፣ እስከዚያው ሆድ ይፍጀው አልኩ። ሆድ የራሱን ብቻ የሚፈጅ መስሎኝ ነበር።

አሳርፋት ያልኩህ ደግ ሆኜ አይደለም። እሷን የምታደክምበት ምክንያት ስለሌለህ ነው። በጃንዋሪ የሚጻፍ ደብዳቤ ለጁን አይሆንም። "አትጨነቅ፣ አትመራመር" እያልኩ መንገዱን ላሳይህ ሞከርኩ። አንተ ደግሞ ከቅዱሳን ጋር ቆጠርከኝ። "ደግ ሆንሽብኝ" የሚለውን ሳነብ ወረቀቱን ጣልኩት። ደግ አትበለኝ፣ እባክህ።

ቶሎ ጻፍልኝ። እግሯ እንዴት እንደሆነ ጻፍልኝ።

አበዛሽ

*

ኖርክሮስ፣ ፌብሩዋሪ 4 ቀን 1984

ለአበዛሽ፤

እንደምን አለሽ። እኔ አለሁ።

ደብዳቤሽ ጃንዋሪ 29 ደረሰኝ። እኔ ደግሞ ያን ቀን "ነገ ምን ይሏት ይሆን?" እያልኩ ስጸልይ ነበር የዋልኩት። ተናድጄብሻለሁ። "ቀጠሮው ተላልፏል" ሁለት ቃል ናት፤ ሁለት ቃል መጻፍ አቅቶሽ ነው? ይህን ጽፌ ልቀድደው ብዬ ተውኩት፣ ይድረስሽ።

የጂንጀርን እግር ጠየቅሽኝ። ትንሽ አነከሰች ብዬሽ ነበር። ትንሽ አልነበረም።

በፈረንጅ ገና ማግስት የሚስስ ኮልማን የእህት ልጅ ከሌላ አገር መጣች። ሴትዮዋ ልጅቷ ገና ሳትመጣ፣ "ጂንጀር ደህና ናት፣ ይገዙ ነግሮኛል፣ ትጋልቢያታለሽ" ብለው ቃል ገብተውላት ኖሯል። መሬቱ ሦስት ቀን ሙሉ በረዶ ሆኖ ድንጋይ ሆኗል። ኮርቻውን የጫንኩት እኔ ነኝ። እግሯን ዳበስኩት፣ በዚያ ብርድ ይሞቅ ነበር። "ዛሬስ አትውጣ" ማለት ነበረብኝ። ግን ያኔ ደህና ናት ያልኩትን አሁን እንዴት አድርጌ ልመልሰው? ደብዳቤው ገና አልተጻፈም። ልጓሙን ለልጅቷ ሰጠኋትና ዘወር አልኩ።

የሆነውን አልጽፍልሽም። ጅማቱ ተበጥሷል። ሐኪሙ፣ "መሞት አትሞትም፣ ሰው ግን ከእንግዲህ አትሸከምም" አለ። አንዱን ዊንተር ነፈግኳት፤ አሁን ዕድሜዋን ሙሉ ልታርፍ ነው። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይላሉ፤ እኔ ግን የፈራሁትን በገዛ እጄ ጎትቼ ነው ያመጣሁት።

ደብዳቤሽ በደረሰኝ ማግስት ሚስስ ኮልማን ዘንድ ሄድኩ። ቆሜ ነገርኳቸው። ዕረፍት እንደሚያስፈልጋት አውቅ ነበር፣ ዋሽቼዎታለሁ አልኳቸው። ቡናቸውን አስቀምጠው፣ "ለምን?" አሉኝ። ለሚስቴ ወረቀት ስል ነው አልኩ።

"ሚስት አለችህ?" አሉኝ።

አየሽ፣ ሁለት ዓመት ሠርቼላቸው ሚስት እንዳለኝ አያውቁም። የጂንጀርን እናት ስም እኔ አውቃለሁ፣ እሳቸው ያንቺን ስም አያውቁም። ስምሽን ጠየቁኝ፣ ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። ከዚያ፣ "ብትነግረኝ እኮ ደብዳቤውን ያኔውኑ እጽፍልህ ነበር። ጂንጀር ብታርፍም ድርቆሹን እንድትሰጣት አስቀርህ ነበር። ለምን አልነገርከኝም?" አሉኝ። ልመና እንዳይመስል ብዬ ነው ማለት አፈርኩ። ይሉኝታ የሚባለው ነገር በእንግሊዝኛ ምን ይባላል?

አላባረሩኝም። ባባረሩኝ ይሻለኝ ነበር። ለጁን አዲስ ደብዳቤ እጽፍልሃለሁ ብለዋል፣ ቃላቸውን የሚበሉ ሰው አይደሉም። ግን አሁን ምንም አይጠይቁኝም። ለድርቆሹ መጠን እንኳ ሐኪሙ ጋ ይደውላሉ። እኔ እግሯን ጠዋትና ከሰዓት በቀዝቃዛ ውሃ አጥባለሁ፣ አሥር አሥር ደቂቃ በእጄ ይዤ አራምዳታለሁ። እጄን ከዘረጋሁላት ካሮት ትበላለች። ቂም አልያዘችብኝም፣ እሱ ነው የባሰው።

አሁን እውነቱን ጻፊልኝ። ሌላስ ምን ደብቀሽኛል?

ይገዙ

*

ካርቱም፣ ፌብሩዋሪ 27 ቀን 1984

ይገዙ፤

ሌላስ ምን ደብቀሽኛል አልከኝ። ይኸው።

ሥራ ከለቀቅኩ አምስት ወሬ ነው። የምሠራበት ቤተሰብ ወደ ሌላ ከተማ ሲዛወር አሰናበቱኝ። "ሥራዬም ደህና" እያልኩ የጻፍኩልህ ሁሉ ከዚያ በኋላ ነው። አሁን የምኖረው የሺእመቤት የምትባል የጎንደር ልጅ ጋ፣ አራት ሴቶች በተከራየነው አንድ ክፍል ውስጥ ነው። ልብስ እያጠብኩ እውላለሁ። ዲሴምበር ወባ ያዘኝ፣ ጃንዋሪም ተመለሰብኝ። ፎቶ ቤቱም ሩቅ አይደለም፣ ከበራችን ይታያል። የፊት ጥርሴን አንዷን አስነቅያለሁ፤ አፌን ገጥሜ ብነሳ "ምነው አልሳቅሽም?" ትለኛለህ ብዬ ነው የቀረሁት። አሁን ተነስቻለሁ፣ አብሮ ታሽጓል። እየው።

ባዝራዋን አንተ ብቻህን አልጎዳሃትም። ያልነገርኩህ እኔ ነኝ፣ ያልነገርካቸው አንተ ነህ። ጥፋትህ አይደለም ብዬ አላጽናናህም፤ ጥፋትህ ነው፣ ጥፋቴም ነው። አንተም ብትሆን "ትንሽ አነከሰች" ብለህ ጽፈህልኛል። ያን ደብዳቤ ሳነብ እፎይ ብዬ ነበር። ተናደድኩብሽ ያልከውን ግን ወደድኩት። ካገባሁህ ጀምሮ ስትናደድ በጽሑፍ ያየሁህ ያኔ ነው።

የኛ ሰው ክፉ ወሬ በደብዳቤ አይጻፍም ይላል። አገር ቤት እንደዚያ ነው፤ ሰው ሲሞት ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ጎረቤት ተጠርቶ፣ በማለዳ ያረዱሃል። ሲነግሩህ የሚይዝህ ሰው አለ። ለኔና ላንተ ማን ተሰብስቦ ይነግረናል? ከዚህ ወረቀት በቀር ሌላ ሰው የለንም።

ስለዚህ ከአሁን ወዲያ ክፉውን አስቀድመህ ጻፍልኝ። ጁን 5 ቢተላለፍ የዚያኑ ዕለት እጽፍልሃለሁ። በር ዘግተህ ትተኛ እንደሆነ ተኛ፣ ግን "ተኝቻለሁ" ብለህ ጻፍ። ለሴትዮዋም ስለኔ ንገራቸው። ሲጠይቁህ ብቻ ሳይሆን ሳይጠይቁህም ንገራቸው፤ ፎቶዬንም አሳያቸው፣ ጥርሴን እንዳትሸፍነው።

ደክሞኛል፣ ይገዙ። ወረፋው ደክሞኛል፣ ሙቀቱ ደክሞኛል፣ "ባልሽ መቼ ይወስድሻል?" የሚሉኝ ሰዎች ደክመውኛል። ከሁሉ በላይ ደግሞ አንተን በደብዳቤ ማጽናናት ደክሞኛል። ሌላ ጊዜ ቢሆን እዚህ ላይ "ግን ተመስገን፣ ደህና ነኝ" ብዬ ነበር የምዘጋው። ዛሬ አልልህም።

አበዛሽ